ተላለፈ

ጥሪው ለሁለት ተኩል፣ አራት ላይ ተሟላን፤
ከአሥራ ሰባት አባል አሥራ አንድ ተገኘን።
ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ብዬ ጻፍኩ፤
ቀኑን ከነወሩ ከራስጌው አሰፈርኩ።
እኔ ድምፅ አልሰጥም፣ እጅም አላወጣም፤
የሰው ቃል ነው ሥራዬ፣ የራሴ ቃል የለኝም።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚህ በር አጠገብ
ሲናገሩ መክተብ፣ ሲያዛጉም መክተብ።

የሐዋሳ ሐይቅ ከዚህ አይታይም፣ ሽታው ግን ይደርሳል፤
አባ ኮዳው መጥቶ ቆርቆሮው ላይ ቆሟል።
ምንቃሩን ሲያንኳኳ ንግግር ይቆማል፣
ሁሉ ቀና ይላል፣ ደግሞ ይቀጥላል።
ከሁላችን ይልቅ እሱ ሰዓት ያከብራል፤
አበል ባይኖረውም ቀርቶ መች ያውቃል።

አጀንዳ አንድ፣ ቦይ።
ክረምት ሳይገባ ይጠረግ ይላል ወረቀቱ፤
ገብቶ፣ ቤት አጥለቅልቆ፣ ወጥቷል ክረምቱ።
አቶ ጋቢሶ ተነሡ «በአጭሩ ልናገር» ብለው፤
ጀመሩ ከአካፋው፣ ቦዩን ከቆፈረው፣
ከቆፋሪው አባት፣ አባቱን ከዳረው።
በአጭሩ ያለ ሰው ሲያጥር አይቼ አላውቅም፤
«ሰፊ ማብራሪያ» አልኩት፤ ከዚያ በላይ የለም።

አጀንዳ ሁለት፣ የባጃጅ ማቆሚያ።
ከዋርካው ጥላ ሥር ይነሡ ተባለ፤
ታዲያ ሾፌሮቹን ፀሐይ ይብላቸው ወይ? ተባለ፤
ለመሆኑ ዋርካው የማን ነው? ተባለ፤
ኮሚቴ ተባለ።
ሦስት ሰው ተመረጠ፤ አንዱ የሌለ ነበር፤
መቅረት እንደሚያሾም ማን ለማን ይናገር።

አጀንዳ ሦስት፣ መብራት።
ወይዘሮ ሎጊቴ ቀረቡ፣ ለአራተኛ ጊዜያቸው፤
የዓሣ ቅርፊት ያበራል ከእጅጌያቸው።
«ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ነው ከቤቴ የምወጣ፣
አሞራ ገደል ዘግይቼ ድርሻዬን እንዳላጣ።
ከበሬ እስከ አስፋልቱ መቶ ሃያ እርምጃ ነው፤
ጨለማ ያስቆጥራል፤ ቆጥሬ ነው የማውቀው።
አንድ አምፖል ነው ያልኳችሁ።»
ሰብሳቢያችን አቶ ላላሞ መነጽራቸውን አወለቁ፤
«ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በጀቱ ነው» አሉ፣ ሳቁ።
«ለሚቀጥለው ይተላለፍ።»

«ተላለፈ» ልጽፍ ነበር፤ እጄ ለምዶታል፤
ቃሉን ከእኔ በፊት ያጠናቅቀዋል።
ሳየው ግን «ጸደቀ» ይላል።
ስሕተት ነው ልበለው? ልሰርዘው ቃጣሁ፤
ሰው ተነሣ፣ ወንበር ጮኸ፣ ደብተሬን ዘጋሁ።

በወሩ ቆሜ አነበብኩት፣ ደንቡ ነውና፤
ልቤ ደረቴን ይመታል፣ ድምፄ ግን ደኅና።
«አስተያየት?» አሉ። አንዱ ስልኩን ያያል፣
አንዱ ለአባ ኮዳው ጣራውን ያዳምጣል።
«ተቃውሞ?» የለም። «ድምፀ ተዓቅቦ?» የለም።
አሥራ አንድ እጅ ወጣ፤ አንድም ሰው አልሰማም።
ማኅተሙ አረፈ፣ ክብ፣ ወይን ጠጅ፤
ደብዳቤው ተላከ በመልእክተኛ እጅ።
መሰላል የጫነች መኪና ኅዳር ላይ መጣች፤
የዚያን ማታ ጠባቧ መንገድ ጥላ አወጣች።
ሴትዮዋ «መቁጠሩን ተውኩት» ብለው ነገሩኝ፤
ቃለ ጉባኤ አይደለም፤ ግን ይኸው ጻፍኩኝ።

ዛሬ፣ ቁጥር አርባ አንድ። አጀንዳ አምስት፣ ልዩ ልዩ።
አቶ እርገጤ ገቡ፣ ዓይናቸው ቀልቷል፤
«መብራቱ የሐይቁን ቢንቢ ሁሉ ጠርቷል፣
በመስኮቴ ይገባል፣ እንቅልፍ ነሥቶኛል።
ይጥፋልኝ! ለመሆኑ ማን ነው ያጸደቀ?»
የክፍሉ ዝምታ እስከ ጣራ ዘለቀ።
ሰብሳቢው አባሉን አዩ፣ አባሉም ሰብሳቢውን፤
ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ ደብተሬ፣ ወደ መስመሩን።
ከላይ አባ ኮዳው ምንቃሩን አንኳኳ።
አቶ ላላሞ ሰዓታቸውን አዩ።
«ለሚቀጥለው ይተላለፍ።»
ጻፍኩ፣ በዝግታ፣ አንዲት ፊደል ሳላልፍ፦
ተላለፈ።